«አፖሎ ላይ የነበረ ነው» የተባለ ኮምፒውተር ስታገኙ ከየት እንደመጣ የማጣሪያ መንገድ

ባህር ዳር ፖሊ አካባቢ አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት አለችኝ፣ ቲቪ፣ ዲሽ ሪሲቨር፣ ስፒከር፣ አንዳንዴም የሆቴል ኢንቨርተር ነው የምሠራው። ይሄ የጠፈር ኮምፒውተር ጣጣ ከየት መጣብህ ካላችሁኝ የአክስቴ ልጅ ነው ያመጣብኝ። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሲሞት ወይ ቤት ሲለቅ ግቢ ውስጥ ዘርግተው የሚሸጡትን ዕቃ እየዞረ ያያል፣ የድሮ ቦርድ ካየ እጁ አያርፍም። ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እኔ እራት ላይ ነኝ፣ እሱ «ቶሎ በል ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ይለኛል። እንዲህ እያልን ስንት ዓመታችን፣ ስንት ጊዜም ተበላን፣ አሁን ግን አንድ መላ ይዣለሁ፦ የሻጩን ወሬ የመጨረሻ አድርጉት፣ ዕቃው መጀመሪያ ይናገር። ብዙ ሰው የሚሸወደው ወሬውን አስቀድሞ ሰምቶ ከዛ በኋላ ዕቃው ላይ ወሬውን የሚመስል ነገር ስለሚፈልግ ነው፣ ፈልጎ ያጣ ደግሞ የለም።

አንደኛ፦ አትጥረጉት፣ መብራትም አታገናኙት

የጥገና ሰው በሽታ ነው፣ አቧራ ካየን ብሩሽና አልኮል ነው። እዚህ ጋ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። የድሮ የጠፈር ዕቃ ላይ የፋብሪካው ተቆጣጣሪዎች እየመረመሩ የመቱት ማህተም አለ፣ ትንንሽ ነው፣ ውስጡ ቁጥር ያለው፣ ብዙ ጊዜ በቀለም ብቻ የተመታ ስለሆነ አልኮል ሲነካው ድራሹ ይጠፋል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አንዴ ከምናለሽ ተራ የመጣ የአውሮፕላን ሬዲዮ ቦርድ አሳምሮ ጠርጎ አስረከበኝ፣ ጥግ ላይ ከነበሩት ሦስት ማህተሞች ሁለቱ የሉም። እየሳቀ ነው የሰጠኝ እኮ፣ ምን ትለዋለህ።

መብራት አለማገናኘት ደግሞ ለሁለት ነገር ነው፣ አንደኛ የ60 ዓመት ካፓሲተር ይፈነዳባችኋል፣ ሁለተኛ መብራቱ የሚነግራችሁ መሥራቱን እንጂ ከየት መምጣቱን አይደለም።

የምትሠሩት ፎቶ ማንሳት ነው። ስድስቱንም ጎን፣ ከዛ ታርጋውን በቅርብ፣ ማህተሞቹን፣ ኮኔክተሩን ፊት ለፊት (የፒኑ ብዛትና አደራደር እንዲቆጠር)፣ የብሎኖቹን ጭንቅላት፣ የተንጠለጠለ ካርድ ካለ ፊቱንም ጀርባውንም። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡ። ብርሃኑን ከጎን አድርጉት፣ ከፊት ፍላሽ ከሆነ የተቀረጸ ቁጥር አይታይም። ክብደቱንም መዝኑ፣ የሽንኩርት ሚዛንም ቢሆን ይበቃል፣ ለምን እንደሆነ ወደታች ይመጣል።

ሁለተኛ፦ «ተመልሶ መምጣት ይችል ነበር ወይ?» በሉ

ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ግማሹን ውሸት ትጥለዋለች፣ ገንዘብም አትጠይቅም። ሻጭ ሁሉ የሚወዳት ቃል «የበረረ» የምትለዋ ናት፣ ዋጋውን የምትሰቅለው እሷ ነች። በርሮ እጃችን ለመግባት ደግሞ መመለስ አለበት አይደል? እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

አፖሎን፣ ማለት ሰው ጨረቃ ላይ ያወረደውን የአሜሪካ በረራ፣ ያስወነጨፈውን የሳተርን ሮኬት የሚመራው ኮምፒውተር ኤልቪዲሲ ይባላል፣ አይቢኤም ኒውዮርክ ግዛት ኦዌጎ ላይ የሠራው፣ ከላይኛው የሮኬት ክፍል አናት ባለው ቀለበት ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ከአፖሎ 13 እስከ 17 ያን ክፍል ሆን ብለው ጨረቃ ላይ አጋጭተውታል፣ ከዛ በፊት ወደ ጨረቃ የሄዱትም ከምድር ርቀው በዛው ቀሩ። አንድም የተመለሰ የለም። ስለዚህ «የበረረ የኤልቪዲሲ ቦርድ» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ደግሞ በደንብ ያውቃል። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ኪሳራው ይቺ ነበረች፣ እኔም ያኔ አላወቅኩም «ግዛው» አልኩት። የሚገርመው ቦርዱ ራሱ ውሸት አልነበረም፣ የዛ ዘመን እውነተኛ የአይቢኤም ሥራ ነው፣ ውሸቱ «የበረረ» የምትለዋ ቃል ላይ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ለቃሏ ሦስት እጥፍ ከፈለ።

አፖሎ ላይ ኤጂሲ የሚባለው ኮምፒውተር ሁለት ቦታ ነበር፣ አንዱ ሰዎቹ ተመልሰው የሚመጡበት መንኮራኩር ውስጥ፣ አንዱ ጨረቃ ላይ የሚወርደው ውስጥ። የወራጁ አልተመለሰም፣ የአፖሎ 13 ወራጅ እንኳን ሰዎቹን አትርፎ እሱ ግን ከባቢ አየር ሲገባ ተቃጥሏል። ወራጁ ላይ የነበረው ሁለተኛው መጠባበቂያ ኮምፒውተርም፣ ቲአርደብሊው የሠራው፣ እንደዛው ቀርቷል። የተመለሱት የዋናው መንኮራኩር ናቸው፣ ሰው ይዘው የበረሩት ከአፖሎ 7 እስከ 17 አሥራ አንድ፣ ወደ ጠፈር ጣቢያው ስካይላብ የሄዱት ሦስት፣ በ1975 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከሩሲያው ሶዩዝ ጋር የተገናኘው አንድ፣ በድምሩ 15 ናቸው። መንኮራኩሮቹ ሙዚየም ውስጥ ናቸው፣ ግቢ ውስጥ ተዘርግቶ የሚሸጥ አይደለም።

ከአፖሎ በፊት የነበረው ጀሚኒ ላይ ኮምፒውተር ነበር፣ እሱም አይቢኤም፣ 26 ኪሎ ገደማ፣ ከሰዎቹ ጋር ይመለስ ነበር። ከጀሚኒ በፊት የነበረው ሜርኩሪ ላይ ግን ዲጂታል ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረም፣ ጋጋሪን የበረረበት ቮስቶክ ላይም አልነበረም፣ ስለዚህ «የሜርኩሪ ኮምፒውተር» ካሏችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ሂዱ። ሰው ያልያዙት እነ ማሪነር፣ እነ ቮዬጀር ወጥተው አልተመለሱም። በ1967 ጨረቃ ላይ ካረፈው ሰርቬየር 3 ላይ የአፖሎ 12 ሰዎች ካሜራውንና ጥቂት ቁርጥራጭ በ1969 ይዘው መጥተዋል፣ እሱ ግን ኮምፒውተር አይደለም።

እንግዲህ እጃችሁ የሚገባው ዕቃ እውነተኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ መጠባበቂያ፣ የምድር ላይ መሞከሪያ፣ የማሰልጠኛ፣ ወይም ፋብሪካው የጣለው ነው። ይሄ ደግሞ ውርደት አይደለም።

ሦስተኛ፦ ታርጋውን አንብቡ

ታርጋ ያልኩት ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ወይም በሪቬት የተመታውን የብረት ሰሌዳ ነው። የመኪና ታርጋ ላይ «አማ» የሚለውን ስታዩ የአማራ ክልል እንደምትሉት እዚህም አነባበብ አለው። የናሳ ኮንትራት ቁጥር «ኤንኤኤስ» በሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የትኛው የናሳ ማዕከል እንዳዘዘው ይነግራችኋል፦ 9 ሂዩስተን ነው (ሰው የሚይዙት መንኮራኩሮች)፣ 8 ሃንትስቪል (ሳተርን ሮኬት)፣ 5 ጎዳርድ (ሳተላይት)፣ 7 ካሊፎርኒያ ያለው ጄፒኤል፣ 10 ኬኔዲ (ማስወንጨፊያው)፣ 1 ላንግሌይ። ከዛ በኋላ ያለው ዋናው ኮንትራት ነው፣ ለምሳሌ 9-150 የአፖሎን ዋና መንኮራኩር የሠራው ኖርዝ አሜሪካን ነው፣ 9-1100 ወራጁን የሠራው ግሩማን፣ 9-170 የጀሚኒው ማክዶኔል፣ 9-497 የአፖሎን መምሪያ ሥርዓት የገጣጠመው የጄነራል ሞተርስ ክፍል ነው። እነዚህን አራቱን ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው፣ እኔ ማስታወሻ ደብተሬ ሽፋን ላይ ነው የጻፍኳቸው።

አሁን አንድ ምሳሌ፣ ሻጩ «የሳተርን ሮኬት ኮምፒውተር ነው» ይላል፣ ታርጋው ግን 9 ነው። ጠይቁ። «የአፖሎ ነው» ይላል ታርጋው «ኤኤፍ» ብሎ ይጀምራል፣ እሱ የአየር ኃይል ነው፣ ሚሳይል ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ የአፖሎን ኮምፒውተር የነደፈው ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የሠራው ሬይቴዎን የሚባለው ኩባንያ ነው፣ ግን እነዚሁ ሁለቱ የፖላሪስ ባሕር ሰርጓጅ ሚሳይል መምሪያም ላይ አብረው ሠርተዋል። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ ስለታዩ ብቻ አፖሎ አትበሉ።

ከኮንትራቱ ቀጥሎ ፓርት ነምበርና ሲሪያል ነምበር አለ። ፓርት ነምበሩ ጫፍ ላይ ሰረዝ ያላት ቁጥር ካለች እሷንም ጻፉ፣ ያቺ ቁጥር አንዳንዴ ዋናዋ ናት፣ ለምሳሌ የአፖሎ ቋሚ ሜሞሪ ላይ የትኛው ፕሮግራም እንደተሸመነበት የምትለየው በእሷ ነው። የአፖሎ 11 ዋና መንኮራኩር ኮማንቼ 55 የሚባል ፕሮግራም ነበር የያዘው፣ ወራጁ ሉሚናሪ 99። አውሮራ የሚባለው ደግሞ የምድር ላይ መሞከሪያ ፕሮግራም ነው፣ አውሮራ የተሸመነበት ሞጁል ይዞ «ጨረቃ ደርሶ መጣ» የሚል ካለ በቃ አውቃችሁታል።

ታርጋው ራሱ የዕቃው መሆኑንም አረጋግጡ፣ ታርጋ ተነቅሎ ይሸጣል። ዙሪያውን እዩ፣ ሪቬቱ አዲስ ነው ወይ? ትርፍ ቀዳዳ አለ ወይ? ከታርጋው ጠርዝ ሥር ያለው ቀለም ከሌላው ጋር አብሮ አርጅቷል ወይ?

ቁጥሩ ተፍቆ ካገኛችሁት ደግሞ እዛው ጣሉት። የጣና ገዳማት ብራና መጻሕፍት ላይ የመጀመሪያው ወይ የመጨረሻው ገጽ ላይ የማን እንደሆነ ይጻፍና ቀጥሎ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» ይላል፣ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ነው። ሌባውንና ፋቂውን አንድ ላይ ማስቀመጣቸው እንዲሁ አይደለም፣ ስሙን የሚፍቅ ሰው ለምን እንደሚፍቅ አባቶች ያውቁ ነበር። ሲሪያል ነምበርም እንደዛ ነው።

አራተኛ፦ ቺፑ ላይ ያለው አራት አኃዝ

ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው ምክንያቱም ቺፕ አይዋሽም። አብዛኛው የአሜሪካ አይሲ ላይ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ፣ የመጀመሪያው ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው (በፈረንጅ)፣ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። 6842 ማለት የ1968 42ኛ ሳምንት ነው፣ ኦክቶበር አጋማሽ ገደማ። በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1961 መሆኑ ነው፣ ይሄን የምለው አንድ ወዳጄ 68ን በኛ አስቦ «ኧረ ይሄማ ደርግ ከመጣ በኋላ ነው» ብሎ አስቆኝ ስለነበረ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቦርዱ ላይ ያሉትን ቀኖች በሙሉ ጻፉ፣ ከሁሉ የዘገየውን ያዙ። ቦርዱ ከዛ ቀን በፊት ሊገጠም አይችልም። አፖሎ 7 የተወነጨፈው ኦክቶበር 11 ቀን 1968 ነው፣ እንግዲህ 6842 የሚል ቺፕ ያለበት ቦርድ አፖሎ 7 ላይ ነበር ካላችሁ ቺፑ ሳይሠራ በረረ ማለት ነው። ለአፖሎ 8ም ቢሆን አይሆንም፣ ዲሴምበር ላይ ነው የበረረው፣ የጠፈር ኮምፒውተር ተገጣጥሞ፣ ተሞክሮ፣ መንኮራኩሩ ላይ እስኪገባ ብዙ ወራት ይፈጃል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንዱ፣ 74 ብሎ የሚጀምር አራት አኃዝ ሁሉ 1974 አይደለም፣ 7404፣ 7442 ምናምን የቺፕ ዓይነት ስም ነው፣ ጥገና ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ሃምሳ ቺፕ 66 ብሎ አንዱ ብቻ 71 ካለ ተሳስቶ ሳይሆን ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ እግሩን እዩት፣ ሶልደሩ ከጎረቤቶቹ ይለያል። የተጠገነ ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምድር ላይ ሲሠራ የኖረ ነው።

አምስተኛ፦ የእጅ ሥራውን እዩ

እናቴ ስፌት ትሰፋ ነበር፣ ስንደዶውንና አክርማውን በዓይኗ ሳታይ ነው የምትቆጥረው፣ አንድ ዙር ላይ የተሳሳተች እንደሆነ ግን መፍታት ነው። የአፖሎ ቋሚ ሜሞሪ፣ ኮር ሮፕ የሚባለው፣ እንደዛ ነው የተሠራው። ማሳቹሴትስ ዋልታም በሬይቴዎን ፋብሪካ ሴቶች በመርፌ ሽቦ እያሾለኩ ሸመኑት፣ ሽቦው በማግኔት ቀለበቱ ውስጥ ካለፈ 1፣ ከውጭ ከታለፈ 0። አንዱ ሞጁል 512 ቀለበት አለው፣ ስድስት ሞጁል ተሰክቶ በጠቅላላው 36,864 ቃል (ኮምፒውተሩ ባንዴ የሚያነበው የ0ና የ1 ጥቅል) ይይዛል። ፕሮግራሙ ተሸምኖ ካለቀ መቀየር የለም።

ይሄን ካወቃችሁ ትልቁን የገበያ ማጭበርበር ትይዛላችሁ። ፎቶ ላይ የሚያምር፣ ፍሬም ውስጥ ያለ፣ እንደ መረብ የተዘረጋ፣ ሽቦና ሽቦ በተገናኘበት ሁሉ ትንሽ ቀለበት ያለበት ነገር «የአፖሎ ሜሞሪ» ተብሎ ይሸጣል። እሱ ተራ ኮር ሜሞሪ ነው፣ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ትልልቅ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሁሉ ነበራቸው። አፖሎም የሚጠፋና የሚጻፍ ኮር ሜሞሪ ነበረው፣ 2,048 ቃል ብቻ፣ ግን እሱ ታጥፎ በኢፖክሲ ተሞልቶ የተዘጋ ነው፣ እንደ መረብ ተዘርግቶ አታዩትም።

ሎጂኩስ? ኤጂሲ የሚገርም ነው፣ የሎጂክ ሥራው በሙሉ በአንድ ዓይነት ቺፕ ብቻ ነው የተሠራው፣ ሦስት መግቢያ ያለው ኖር ጌት፣ መግቢያዎቹ ሁሉ 0 ሲሆኑ ብቻ 1 የሚያወጣ። ስለዚህ አራት አምስት ዓይነት ቺፕ የተቀላቀለበት ቦርድ «የአፖሎ ሎጂክ ሞጁል» ሊሆን አይችልም፣ ጨርሳችኋል። ብሎክ አንድ የሚባለው የመጀመሪያው ሥሪት ላይ ቺፑ ትንሽ ክብ የብረት ቆብ ይመስላል፣ ብሎክ ሁለት ላይ ጠፍጣፋ፣ አሥር እግር ያለው፣ ሁለት ጌት በአንድ ውስጥ፣ ወደ 2,800 ገደማ። እግሮቹም በሶልደር ሳይሆን በብየዳ ነው የተያያዙት። ብሎክ አንድ ደግሞ ሰው ይዞ አልበረረም፣ ሰው በሌለባቸው ሙከራዎች ብቻ ነው የወጣው፣ ክብ ቆብ አይታችሁ «አርምስትሮንግ» ከተባላችሁ ሳቁ።

ኤልቪዲሲ ላይ የምታዩት ትንንሽ ባለአራት ማዕዘን ሴራሚክ ነው፣ ጎኑ 8 ሚሊሜትር ገደማ። የአይቢኤም 360 የቢሮ ኮምፒውተር ቦርድ ላይ ደግሞ ከዛ ተለቅ ያለ የአልሙኒየም ኮፍያ አለ፣ ይሄኛው በየቦታው የሞላ ነው፣ ሻጮች «ያው አይቢኤም አይደል» ብለው አፖሎ ይሉታል። ማስመሪያ አስቀምጡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ክብደትም ይረዳል። ሙሉ ኤጂሲ 32 ኪሎ ገደማ ነው፣ ዲስኪ የሚባለው ቁጥር መምቻው ከነማሳያው 8 ኪሎ ገደማ። ዲስኪ ላይ በተለይ ንቁ፣ አሁን በየቦታው ማስመሰያ ይሠራል፣ ኤልኢዲ ያለበት ከሆነ አዲስ ነው፣ የድሮው ማሳያ ራሱ የሚያበራ አረንጓዴ ነገር ሆኖ ከጀርባው በሪሌይ የሚሠራ ነው፣ ኪሎው ቀላል ከሆነም ውስጡ ባዶ ነው። ሚኒትማን ሚሳይል ላይ የነበረው ዲ-17ቢ የሚባለው ኮምፒውተር ደግሞ ሚሳይሎቹ ሲወርዱ ለዩኒቨርሲቲ ሁሉ ተበትኗል፣ የተጠማዘዘ ቅርጽ አለው፣ የሚሽከረከር ዲስክ ሜሞሪ አለው፣ የጠፈር ዕቃ ስለሚመስል ሰው ይሸወድበታል።

በኛ አገር አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ቃኘው። «አባቴ አስመራ ቃኘው ጣቢያ ይሠሩ ነበር» ብሎ የሚመጣ ሰው አጋጥሞኛል። ወሬው መሠረት የለውም አልልም፣ አሜሪካኖቹ እዛ ከ1965 እስከ 1975 የሶቪየት መንኮራኩሮችን ሲግናል የሚያዳምጡ ሁለት ትልልቅ ዲሾች ነበሯቸው። ግን እሱ የምድር ዕቃ ነው። መለያው ቀላል ነው፣ ራክ ላይ የሚገባ እጀታ፣ የግድግዳ ሶኬት ገመድ፣ ማራገቢያ ካለው መሬት ላይ የተቀመጠ ነው፣ መንኮራኩር ላይ የሚሄድ ዕቃ በ28 ቮልት ዲሲ ነው የሚሠራው፣ ሶኬት የት አግኝቶ?

ስድስተኛ፦ የሩሲያ ከሆነ

እዚህ ባህር ዳር ሰው ዕድለኛ ነን፣ ፖሊ፣ ፖሊቴክኒኩ ማለት ነው፣ በ1963 (በፈረንጅ) በሶቪየት ትብብር ነው የተቋቋመው፣ ሩሲያ ሠራሽ መለኪያ እየነኩ የተማሩ ሰዎች አሁንም አሉ። እኔ የሩሲያ ማህተም ማንበብ የተማርኩት አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ላይ ነው፣ ያስተማሩኝ አንድ ጋሼ ናቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ቡና ይጠጣሉ።

የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ «ኦቴካ» የሚሉ ሦስት የሩሲያ ፊደላት ያሉበት የጥራት ቁጥጥር ማህተም፣ እሱ ሁሉም ላይ ስላለ ብቻውን ምንም አይደለም። ሁለተኛ የአልማዝ ቅርጽ ያላት ትንሽ ምልክት፣ ወታደራዊ ተቀባዩ ያየው ክፍል ላይ ትገኛለች፣ እሷ የሌለችበት ነገር ላይ ስለ ጠፈር ቀስ ብላችሁ አውሩ። ሦስተኛ «ፓስፖርት» የሚባለው ቀጭን ደብተር፣ የዕቃው ስም፣ ቁጥር፣ የተሠራበት ቀን፣ ማህተም ያለበት። ቁጥሩ ዕቃው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። በእንግሊዝኛ «ሜድ ኢን ዩኤስኤስአር» የሚል ከሆነ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው።

አንዴ አንድ ሰው «የሶዩዝ ኮምፒውተር» ብሎ ፓስፖርት ያለው ሳጥን አመጣ፣ ወሰድኩላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አንድ ገጽ አነበቡና «ልጄ፣ ይሄ እኮ የብረት መቁረጫ ማሽን መቆጣጠሪያ ነው» አሉኝና ቡናቸውን ቀጠሉ።

እውነተኛው ምንድን ነው ካላችሁ፣ አርጎን-11ኤስ በ1968 ዞንድ በሚባሉት ጨረቃን ዞረው በተመለሱት ላይ የነበረ ነው፣ 34 ኪሎ፣ አርጎን-16 ደግሞ በሶዩዝና በጣቢያዎቹ ላይ ለብዙ ዓመት ሠርቷል። ግሎቡስ የሚባል ትንሽ የምድር ሉል ያለበት መሣሪያም አለ፣ እሱ በጥርስና በጥርስ የሚሠራ ሜካኒካል ነው፣ ዲጂታል አይደለም፣ ግን ከሁሉም ያምራል። በ1993 ኒውዮርክ ላይ በትልቅ ጨረታ ብዙ የሶቪየት ዕቃ በሕጋዊ መንገድ ወጥቷል፣ ጨረቃ ላይ ቆሞ ያለው ተሽከርካሪ ሉኖኾድ 1 ራሱ እዛው በ68,500 ዶላር ተሽጧል፣ ገዢው ሄዶ አይረከበው ነገር። ያ የጨረታ ካታሎግ ላይ ያለ ዕቃ ከሆነ ቁጥሩ ይረዳችኋል።

ሰባተኛ፦ ወረቀቱ

አሁን ወሬውን መስማት ትችላላችሁ፣ ግን በወረቀት። ከሁሉ የሚበልጠው ዲዲ 250 የሚባለው ፎርም ነው፣ መንግሥት ዕቃውን ከፋብሪካው ሲረከብ የሚፈረምበት፣ ቁጥሩም ሲሪያሉም ያለበት። ቀጥሎ ዕቃው ላይ የተንጠለጠሉ ካርዶች፣ «ለበረራ አይደለም» የሚል ቃል ካለበት አትናደዱ፣ እውነተኛ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው፣ አጭበርባሪ እንዲህ ዓይነት ካርድ ለምን ይሠራል?

ከዛ የጨረታ ደረሰኝ። ናሳ በ1970ዎቹ ብዙ ዕቃ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሸጧል፣ ቆራሌው እንደሚገዛው በሉት። ሂዩስተን ውስጥ አንድ ሰው በዛ መንገድ በቶን ሲገዛ ውስጡ ሙሉ ኤጂሲ ወጣ። ከ2018 ጀምሮ መሐንዲሶች ተሰብስበው አስነሱት፣ በ2019 የአፖሎ 11 ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር ይሠራ ነበር። ያ ኮምፒውተር አልበረረም፣ ኤልቲኤ-8 የሚባለው የወራጁ የምድር መሞከሪያ ላይ የነበረ ነው፣ የሎጂክ ሞጁሎቹም እንደ በረራው ሥሪት በኢፖክሲ አልተሞሉም፣ በኮር ሮፑ ቦታም መሞከሪያ አስመሳይ ሳጥን ነበር የተሰካበት። አያችሁ፣ ታሪኩ፣ የሥሪቱ ሁኔታና ወረቀቱ ሦስቱም አንድ ነገር ይናገራሉ። እንዲህ ሲገጥም ነው ደስ የሚለው።

ከጠፈርተኛ እጅ የወጣ ከሆነ የፈረሙት ደብዳቤ ይኖራል፣ ደብዳቤው ዕቃውን በቁጥሩ ጠርቶ ካልጻፈ ግን ለማንኛውም ዕቃ የሚሆን ደብዳቤ ነው። ስለ ባለቤትነት በ2012 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፣ ከሜርኩሪ ጀምሮ እስከ 1975ቱ በረራ የነበሩ ጠፈርተኞች ለማስታወሻ የተሰጣቸውን ዕቃ የራሳቸው አድርጎላቸዋል፣ የጨረቃ ድንጋይና አፈር ግን አይጨምርም። ቦርዱ ላይ «የጨረቃ አቧራ አለበት» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ካለ እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ውሸት ነው ወይ ወንጀል ነው።

ስምንተኛ፦ አወዳድሩና ጻፉት

ስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ያሉትን ዕቃዎች ፎቶ ከነመግለጫው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። የኤጂሲ ንድፎችም ቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ካለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ስካን ተደርገው በነፃ ይገኛሉ፣ ፓርት ነምበሩን እዛ ላይ ፈልጉ፣ የኮኔክተሩን ፒን ቁጠሩ፣ የሞጁሉን ቦታ እዩ። ኤጂሲ ሁለት ትሪ አለው፣ ኤ እና ቢ፣ ሎጂኩ ኤ ላይ ነው፣ ኮር ሮፑና ሜሞሪው ቢ ላይ፣ ሞጁሉ ላይ «ቢ12» የሚል ካለ የሚጻፈው ሜሞሪ ነው። ሻጩ «የሎጂክ ሞጁል» ብሎት እሱ ቢ12 ካለ ሻጩ አላነበበውም።

ፍርዳችሁን ስትጽፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «የአይቢኤም ሥራ፣ ታርጋው 8፣ የዘገየው ቺፕ 6631፣ ደብዳቤ የለም፣ በረረ የሚለው የሻጩ ቃል ነው፣ ሊሆንም አይችልም።» የአክስቴ ልጅ ይሄን አንብቦ ዋጋ ይከራከራል፣ እኔ እራቴን እበላለሁ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፣ ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ትንንሹ ቁጥር ይደበዝዛል። ባለፈው 6842 ያልኩት ቺፕ ቦርዱ እጁ ገብቶ በማጉሊያ ሲታይ 6642 ሆኖ ተገኘ፣ «ተወው» ብዬው ሊመልሰው ፖስታ ቤት ቆሞ ነበር።